በአሜሪካ የምስጢር መረጃ ፈቃድ፦ ዕዳ፣ ውሸት እና የወንጀል ታሪክ

በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ፣ ወታደር ወይም የመንግሥት ሥራ ተቋራጭ ባልደረባ በምስጢር የተያዘ መረጃ ለማየት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ሥርዓቱ በፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የ1953 (እ.ኤ.አ.) ትእዛዝ ቁጥር 10450 መልክ ያዘ። ዕዳ ተጭኖት በ1985 ለሶቪየት ምስጢር መሸጥ የጀመረው የሲአይኤው ኦልድሪች ኤምስ በ1994 ተያዘ፤ በማግስቱ ዓመት የፈቃዱን አሰጣጥ የሚመራ ትእዛዝ ቁጥር 12968 ወጣ። የአሁኑ መመሪያ ከጁን 2017 ጀምሮ የጸና ሲሆን 13 መመዘኛዎች አሉት።

ብዙ አመልካች የሚሰናከለው በገንዘብ ነው። አመልካቹ የሚሞላው ኤስኤፍ 86 የተባለው ቅጽ ባለፉት 7 ዓመታት ከ120 ቀን በላይ ሳይከፈል የቆየ ዕዳን፣ ኪሳራ ማወጅን፣ ያልቀረበ ወይም ያልተከፈለ ግብርን ይጠይቃል። ዕዳ መኖሩ ብቻውን ሰውን አይጥልም። ከሥራ መባረር፣ ሕመም ወይም ፍቺ ያመጣው ከሆነና ባለዕዳው በጊዜው ከአበዳሪዎቹ ጋር ተነጋግሮ መክፈል ከጀመረ ይታይለታል። ማስረጃው ግን ወረቀት ነው፦ የስምምነት ደብዳቤ፣ በየወሩ ሳይቋረጥ የተከፈለበት የባንክ መግለጫ፣ ዕዳው መዘጋቱን የሚያሳይ ደብዳቤ። «እከፍላለሁ» የሚል ቃል ብዙም አያስኬድም፤ የክስ ዝርዝሩ (ፈቃድ የሚያስከለክሉ ምክንያቶች የተዘረዘሩበት ደብዳቤ) ከደረሰ በኋላ የተጀመረ ክፍያም ክብደቱ ያንሳል። ዕዳው በዕድሜው ብዛት ከክሬዲት ሪፖርት (የሰው የብድርና የክፍያ ታሪክ ከተመዘገበበት ሰነድ) መውጣቱም እንደ ክፍያ አይቆጠርም።

ውሸት ከዕዳው ይከፋል። መርማሪው ክሬዲት ሪፖርቱንና የፖሊስ መዝገቡን ራሱ ያወጣል፤ በቅጹ «የለም» የተባለው ነገር እዚያ ሲገኝ ሊታለፍ ይችል የነበረ ጥፋት የታማኝነት ጥያቄ ይሆናል። እያወቁ በሐሰት መሙላት እስከ 5 ዓመት እስራት የሚያስቀጣ የፌዴራል ወንጀል ነው። የተሳሳተውን ሳይጠየቁ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ማረም ይረዳል፤ መርማሪው ሪፖርቱን ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጠ በኋላ ማመን ግን ያን ያህል አያድንም።

በወንጀል ረገድ ፍርድ ያልተሰጠበት ክስም ሊመዘን ይችላል። ከጥቂት የአደንዛዥ ዕፅ ጉዳዮች በቀር የተሰረዘ መዝገብም ይጻፋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በ2008 የወጣ ሕግ ከአንድ ዓመት በላይ ተፈርዶበት ቢያንስ አንድ ዓመት የታሰረን ሰው ከልዩ የስለላና የኑክሌር ምስጢሮች ያግዳል፤ በልዩ ሁኔታ ግን እገዳው ሊነሳለት ይችላል። ለሌሎቹ ፈቃዶች የጊዜው ርቀትና የተሃድሶ ማስረጃ ይታያሉ።

ጥርጣሬ ሲኖር የሚያደላው ለአገር ደኅንነት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1988 ኢጋን በተባለ ሰው ጉዳይ ፈቃድ የማንም መብት እንዳልሆነ ወስኗል። እንዲህም ሆኖ አመልካቹ ሳይሰማ አይወረወርም፤ ይህ የሥርዓቱ ክብር ነው። የተቋራጭ ሠራተኛ የክስ ዝርዝሩ በደረሰው በ20 ቀን ውስጥ እያንዳንዱን ነጥብ «አምናለሁ» ወይም «አላምንም» ብሎ በመሐላ ይመልሳል፤ ከፈለገ በአስተዳደር ዳኛ ፊት ይከራከራል፤ ከተፈረደበት በ15 ቀን ይግባኝ ይላል። የመጨረሻው ውሳኔ ከጸናበት ለአንድ ዓመት እንደገና ማመልከት አይችልም።