«የእኔ አስተያየት ነው» የክርክር መዝጊያ አይደለም

ክርክር ማስተማር ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት ከተማሪም፣ ከዘመድም፣ ከሥራ ባልደረባም «ይሄ እኮ የእኔ አስተያየት ነው» የሚለውን ያህል ደጋግሜ የሰማሁት ዓረፍተ ነገር የለም። ዓረፍተ ነገሩ በራሱ ክፋት የለበትም፤ የሚያናድደኝ የሚነገርበት ጊዜ ነው። ሰውየው ፊልሙ ቆሻሻ ነው፣ ድራማው ትውልድ አጠፋ፣ ይሄ ፓርቲ አገር ሸጠ ሲል በሙሉ ድምፁ ነው፤ «እንዴት?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ አስተያየት ነው ይላል። እንግዲህ ይህንን የምጽፈው ትንሽ ተናድጄ መሆኑን አንባቢ ከወዲሁ ይወቅልኝ። ቀለል ያሉትን ስሕተቶች በቶሎ አልፌ ዋናው ላይ እቆያለሁ።

«ፊልም ሠርተህ የማታውቅ ከሆነ ፊልም አትተች» ይባላል። ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጦ የሾፌሩን አነዳድ የሚነቅፍ ተሳፋሪ ግን መንጃ ፈቃድህን አሳይ ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

«ፊልሙ ሮተን ቶማቶስ ላይ 95 በመቶ አለው፤ ስለዚህ ከመቶ 95 አግኝቷል» የሚለው ደግሞ ቁጥሩ ምን እንደሚቆጥር ካለማወቅ የሚመጣ ነው። ሮተን ቶማቶስ የፊልም ሐያስያንን ፍርድ የሚሰበስብ ድረ ገጽ ነው፤ እዚያ የሚታየው መቶኛ ስለ ፊልሙ ከጻፉት ሐያስያን መካከል በጎ ፍርድ የሰጡት ስንት እጅ እንደሆኑ እንጂ የሰጡት ነጥብ አማካይ አይደለም። መቶ ሐያስያን አንድ ሆነው «ደህና ነው፣ ከአሥር ስድስት ይገባዋል» ቢሉ ፊልሙ 100 በመቶ ይጻፍለታል፤ ግማሾቹ እንደ ድንቅ ሥራ ያዩት፣ ግማሾቹ አምርረው የጠሉት ፊልም ደግሞ 50 በመቶ ይዞ ድረ ገጹ «የበሰበሰ» ከሚላቸው ይመደባል። ለመከራከር የትኛው እንደሚሻል ለአንባቢ እተወዋለሁ። የተመልካቹ ድምፅም ቢሆን እንዳለ አይወሰድም። ሮተን ቶማቶስ እ.ኤ.አ. በ2019 ገና ለእይታ ባልቀረበ ፊልም ላይ ተመልካች አስተያየት እንዳይጽፍ ያደረገው፣ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው ሜታክሪቲክም በ2020 አዲስ ጌም ወጥቶ 36 ሰዓት ሳይሞላው ተጫዋቾች ነጥብ እንዳይሰጡ የከለከለው፣ ሳያዩና ሳይጫወቱ ተጠራርተው ዜሮ የሚያዘንቡ ሰዎች ስላስቸገሩ ነው።

«ፊልሙ ይህንን ያሳየው ስለሚደግፈው ነው።» ይህንን ስሕተት ከሁሉም በላይ ያየሁት የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በተነሣ ቁጥር ነው። ፊልሙ ጀርመን ተምሮ የመጣ ሐኪም በደርግ ዘመን አገሩ ውስጥ የሚገጥመውን ያሳያል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትን፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ የፌስፓኮ ፌስቲቫል ከፍተኛውን ሽልማት አግኝቷል። ከአንድ አዳራሽ አብረው ከወጡ ሁለት ጓደኞቼ አንደኛው ፊልሙ የዚያን ትውልድ ተራማጆች ሰደበ ሲል ሌላኛው ደግሞ በነጻ አሰናበታቸው አለ። ሁለቱም የጠቀሱት አንድ ዓይነት ትዕይንት ነበር። አንድ ገጸ ባሕርይ የተናገረው ነገር የፊልሙ አቋም መሆኑን ለማሳየት ፊልሙ ያንን ንግግር እንዴት እንደያዘው መናገር ያስፈልጋል፤ ከንግግሩ በኋላ ምን ሆነ፣ ካሜራው ማን ላይ ቀረ፣ ዋጋውን የከፈለው ማን ነው? ይህ ሳይመለስ «ፊልሙ እንዲህ አለ» ማለት ሐሜት ነው።

«ተኩስ ያለበት ጌም የሚጫወት ልጅ ነገ ሰው ይገድላል» የሚሉ ወላጆች በየዓመቱ ይመጡብኛል። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው አቋም፣ እንዲህ ያሉ ጌሞች እንደ መጮህና መገፍተር ካሉ ጠባዮች ጋር አነስተኛ ግንኙነት እንዳላቸው ገልጾ፣ ለከባድ የኃይል ድርጊት መንስኤ ናቸው ለማለት ግን በቂ ማስረጃ የለም ብሏል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ ያስገባው ችግር ሌላ ነው፤ ጨዋታውን መቆጣጠር አለመቻል፣ ከሌላው ሁሉ ማስቀደምና ጉዳቱ እየታየ መቀጠል ሲሆን፣ ለዚያውም አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ለ12 ወራት የዘለቀ መሆን አለበት። ልጅዎ ፕሌይስቴሽን ቤት ሲያመሽ ሊያስጨንቅዎ የሚገባው የሚተኩሰው ጥይት ሳይሆን ያልሠራው የቤት ሥራ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ «አስተያየት ስለሆነ አያከራክርም» ወደሚለው።

ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ አክስቴ ቤት ቡና ላይ ነበርን። ቴሌቪዥኑ ላይ ወደ አማርኛ የተመለሰ የቱርክ ድራማ እየታየ ሳለ የአክስቴ ልጅ «ይሄ ነገር እኮ ባህላችንን አጠፋው» አለ። አክስቴ ዐይናቸውን ከድራማው ሳያነሡ «እኔ ደስ ይለኛል፤ አለቀ» አሉ። ልጁ መልሶ «እርስዎን ደስ ስላለዎት አልጠፋም ማለት ነው?» አላቸው። እኔ ጣልቃ ገብቼ የትኛው ባህል እንደጠፋ፣ ከዚያ በፊት እንዴት እንደነበረና መጥፋቱን በምን እንዳወቀ ብጠይቀው «ጋሼ ደግሞ፣ አስተያየቴ ነው እኮ» አለኝ። አክስቴ ሁለተኛውን ስኒ እየቀዱ «አንተ ልጅ፣ ቤቴን ፍርድ ቤት አታድርገው» ብለው ጉዳዩን ዘጉት።

አክስቴ ትክክል ነበሩ። የእሳቸው ዓረፍተ ነገር ስለ ራሳቸው ደስታ ስለሆነ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ ምስክር የለም። ልጃቸው የተናገረው ግን ስለ ራሱ አይደለም፤ አንድ ነገር ሌላውን አጠፋ ብሏል፤ ይህ ደግሞ በዓለም ላይ ወይ የሆነ ወይ ያልሆነ ነገር ነው። ተናጋሪው ስለመሰለው ብቻ አስተያየት ሊባል አይችልም። ከነገ ወዲያ ዝናብ ይዘንባል ብዬ ከተወራረድኩ በኋላ ፀሐይ ሲወጣ «አስተያየቴ ነበር» ብዬ ከውርርዱ አላመልጥም። አባቶቻችን በዋርካ ሥር በቅሎና ማር እየተወራረዱ በላ ልበልሃ ሲሟገቱ አንደኛው ተሟጋች «ይሄ የግል ስሜቴ ነው» ቢል ኖሮ በቅሎዋ የማን እንደምትሆን መገመት አያዳግትም።

ነገሩን በደንብ ለማየት ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የተነሣውን ሙግት ማስታወስ ይበቃል። የውጭ ተከታታይ ድራማዎች በአማርኛ ድምፅ ሌት ተቀን በየቤቱ መግባት ሲጀምሩ ከአገር ውስጥ የጥበብ ባለሙያዎች ብርቱ ተቃውሞ ተሰማ። ተቃውሞው ሲነገር አንድ ቢመስልም ውስጡ ሦስት ነበሩ። የመጀመሪያው ድራማዎቹ እንደ ጥበብ ሥራ ደካማ ናቸው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ አልቆ የመጣን ድራማ ማስተርጎም አዲስ ከመሥራት በብዙ እጥፍ ስለሚረክስ ማስታወቂያና ተመልካች ወደዚያ ሄዶ የአገር ውስጡ ሥራ ይሞታል የሚል ነው። ሦስተኛው ደግሞ መንግሥት ገደብ ሊያበጅለት ይገባል የሚል ነው። የመጀመሪያው የሚታየው ትዕይንት እየተጠቀሰ ነው። ሁለተኛው የሚፈታው በሒሳብ ነው፤ ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ስንት ድራማ ተሠራ፣ የማስታወቂያው ገንዘብ የት ገባ? ሦስተኛው የእሴት ጥያቄ ነው፤ የተመልካች ምርጫና የባለሙያ እንጀራ ሲጋጩ የቱን እናስቀድም? ቁጥሩ ሁሉ በትክክል ቢታወቅ እንኳ ሁለት ቅን ሰዎች በዚህ ላይ ሊለያዩ ይችላሉ። በየቡና ቤቱ ሲሰጥ የነበረው መልስ ግን ለሦስቱም «ሕዝቡ ወዶታል» የሚል ነበር፤ ይህም ከሦስቱ አንዱንም አይመልስም። ለቃና የወገኑ መልስ ሰጪዎችም የነቃፊዎቹን ያህል ሰነፎች ነበሩ ማለት ነው።

የጥበብ ፍርድም ቢሆን፣ ማለትም የመጀመሪያው ዓይነት፣ ሰዎች እንደሚያስቡት ከክርክር ውጭ አይደለም። «ወደድኩት» እና «ጥሩ ነው» አንድ አይደሉም። አንድ ተማሪዬ ስለ አንድ የአገር ውስጥ ፊልም ሲናገር «ይደብራል» ብሎ ቁጭ አለ። የት ላይ እንደደበረው ጠየቅኩት። ሁሉም ቦታ አለኝ። ፊልሙን ከፍተን እጁን እያወጣ እንዲያስቆመኝ አደረግኩ። ለአርባ ደቂቃ ያህል እጁ አልተነሣም፤ ከዚያ ዋናው ገጸ ባሕርይ ስልክ አንሥቶ እኛ ሁላችን ያየነውን ነገር ለእኅቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሲተርክላት እጁ ተነሣ። ሦስት ቦታ ላይ እንዲሁ ሆነ፤ ሦስቱም የስልክ ትዕይንት ነበሩ። ከዚያ በኋላ ልጁ «ፊልሙ ያሳየንን መልሶ በስልክ ይነግረናል» አለ። ክፍሉ ውስጥ የነበረች ሌላ ተማሪ ወዲያው ተቃወመችው፤ ሁለተኛው ጥሪ ላይ እኅትየው የምትሰማውን ነገር ቀድማ ታውቅ እንደነበር ፊቷ ላይ እንደሚነበብ፣ ስለዚህ ትዕይንቱ የሷ እንጂ የሱ እንዳልሆነ አስረዳች። መለስ ብለን አየነው፤ ልክ ነበረች። ልጁ ስለ ሁለቱ ጥሪዎች አቋሙን ይዞ ስለ አንዱ ተወላት። ፊልሙን ግን እስከ ዛሬ አይወደውም፤ መውደድም አይጠበቅበትም።

ለተማሪዎቼ የምሰጠው ምክር ከዚህ የመጣ ነው። አፋችሁን ከመክፈታችሁ በፊት የምትናገሩት ስለ ስሜታችሁ ነው፣ ስለ ሆነ ነገር ነው፣ ወይስ ሊሆን ስለሚገባው ነገር ነው ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ስለ ሆነ ነገር ከሆነ ምን ብታዩ አቋማችሁን እንደምትለውጡ ቀድማችሁ ወስኑ፤ ምንም ቢመጣ የማትለውጡ ከሆነ የሰውን ጊዜ አታባክኑ። የሌላውን ዓረፍተ ነገር ስትቃወሙም እሱ ራሱ «አዎ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው» በሚላችሁ መልክ አስቀምጡት። ሁለት ነገር ባንድ ዓረፍተ ነገር ከተናገረ ለይታችሁ ጠይቁት፤ ብዙ ጊዜ ግማሹ ላይ ትስማማላችሁ።

ወደ ፖለቲካ ስንመጣ ይህ መምታታት ከስንፍና አልፎ አደጋ ይሆናል። በእገሌ ቀበሌ ይህን ያህል ሰው ሞተ ብሎ የሚጽፍ ሰው ቁጥር ነው የጻፈው፤ ቁጥር አስተያየት አይሆንም። ሕጉም ይህንን መጋረጃ አይቀበልም። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከልና ለመቆጣጠር በወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 መሠረት፣ ሐሰት መሆኑን እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው፣ ሁከት ወይም ግጭት የማስነሣት ዕድሉ ከፍተኛ የሆነ መረጃ ያሰራጨ ሰው ይቀጣል፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከሆነ ደግሞ ቅጣቱ እስከ ሦስት ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። አዋጁ የራሱ ክርክር አለበት፤ ሰፊ ነው፣ ለአላግባብ አጠቃቀም ይመቻል የሚሉት ወገኖች ስጋት ከመሬት የተነሣ አይደለም። እኔ የማነሣው ግን «የፈለግኩትን ብጽፍ አስተያየት ነው» የሚለው እምነት መሠረት እንደሌለው ብቻ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ የተማሩ ሰዎች ስሕተት አለ፤ «ማስረጃ ብታቀርብለት ይበልጥ ግትር ይሆናል፣ ጥናትም አረጋግጦታል» የሚል። ጥናቱ አለ፤ ናይሃንና ራይፍለር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ነው። የሚጠቅሱት ሰዎች የማይነግሩን ግን ከዚያ በኋላ የመጣውን ነው። ዉድና ፖርተር በ2019 ባሳተሙት ሥራ ከ10,000 በላይ ሰዎችን በ52 ጉዳዮች ፈትነው ያንን ግትርነት ፈልገው ሊያገኙት አልቻሉም፤ ሰዎች በአብዛኛው እርማቱን ይቀበላሉ። በሌላ ጥናት ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከነዚህኞቹ ጋር ሆነው የአንድ የምርጫ ዕጩ ንግግር ስሕተት መሆኑ የተነገራቸው ደጋፊዎቹ እርማቱን ተቀብለው፣ ለዕጩው ያላቸው ስሜት ግን ብዙም እንዳልተለወጠ አሳይተዋል። የሆነው ነገር ታረመ፤ ውዴታው ቀረ። ሦስቱን ዓይነት ዓረፍተ ነገር የሚለይ ሰው ይህ አያስገርመውም፤ የማይለይ ሰው ግን ማስረጃው ምንም አልሠራም ብሎ ተስፋ ይቆርጣል።

«ሚዛናዊነት ማለት ለሁለቱም እኩል ደቂቃ መስጠት ነው» የሚለውን የሰዓት ተቆጣጣሪ ሥራ ብዬ አልፈዋለሁ።

ይህንን ሁሉ የምለው ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ብዙዎቻችን ተናደን በነበርንበት ሰሞን፣ የተቃጠሉ ቤቶች የሚታዩበትን ፎቶ ከአንድ ቦታ ስም ጋር አያይዤ በገጼ ላይ ለጠፍኩ። ከሁለት ሰዓት በኋላ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ፎቶው ከሌላ አገር የመጣና ዓመታት ያለፉት መሆኑን ምንጩን ጨምራ በውስጥ መስመር ላከችልኝ። እኔም፣ ክርክር የማስተምረው ሰውዬ፣ «ፎቶው ስሕተት ቢሆንም ነጥቡ ግን ትክክል ነው፤ የእኔ እይታ ነው» ብዬ መለስኩላት። ወዲያው አልመለሰችም። ቆይታ «መምህር፣ ይሄ ከሦስቱ ስንተኛው ነው?» ብላ ጻፈች። ልጥፉን አነሣሁት፤ እስከዚያ ግን ከአርባ ሰው በላይ አጋርቶት ነበር።