የ1966ቱ አብዮት ማኅበራዊ መነሻ

የ1966 ዓ.ም. አብዮት የኢትዮጵያን ዘውዳዊ ሥርዓት ያፈረሰ እንቅስቃሴ ነው። ጥር ላይ በአንድ የጦር ሰፈር ተጀመረ። መስከረም 2 ቀን 1967 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወረዱ። መነሻው ሲጠየቅ ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ "ረሃብ" ወይም "መሬት" ይላል። ሁለቱም ልክ ነው። ግን በመሬቱ ሥርዓት ከሁሉ በላይ የተበደለው ገበሬ ቤተ መንግሥት አልከበበም። ዙፋኑን የነቀነቁት ተማሪዎች፣ ደመወዝተኞችና ወታደሮች ናቸው።

የመሬቱ ነገር

በሰሜኑ ክፍል ገበሬው በአብዛኛው ባለ ርስት ነበር። በትውልድ የሚያገኘው ድርሻ ስላለው ማንም በቀላሉ አይነቅለውም። ጉልተኛው፣ ማለትም የግብር መብት የተሰጠው ሰው፣ ግብር ይበላበታል እንጂ መሬቱን አይወስድበትም። በደቡብ ነገሩ ሌላ ነው። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመቻዎች በኋላ መሬቱ በቀላድ (በመለኪያ ገመድ) እየተለካ ለመኳንንት፣ ለነፍጠኛ (ለዘማቹ ወታደር)ና ለቤተ ክህነት ተሰጠ። ለአካባቢው ባላባት ሲሶ ተተወለት። አራሹ መጀመሪያ ግብርና ጉልበት የሚከፍል ገባር፣ ኋላ የሰው መሬት የሚያርስ ጭሰኛ ሆነ። በኢሉባቦርና በሸዋ ከአራሹ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጭሰኛ ነበር፤ በጎጃም ግን ጥቂት።

ጭሰኛው እንደ ስምምነቱ ከምርቱ እርቦ (ሩብ)፣ ሲሶ ወይም እኩሌታ ይከፍላል። አሥራቱም፣ የምርቱ አንድ አሥረኛ ግብር፣ ብዙ ጊዜ እሱው ላይ ይወድቃል። የጽሑፍ ውል የለውም፤ ባለመሬቱ "ልቀቅ" ካለው ይለቃል። "ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ" የሚለው አባባል እንደ ሕግ ይጠቀሳል። ቤተ ክርስቲያን በእርግጥ የአገሩን ሲሶ ይዛ ነበር ወይ የሚለው ግን ያከራክራል፤ በጣም ያነሰ ነው የሚሉ አሉ።



የጣሊያን ወረራ ካበቃ በኋላ ገበሬው ዝም አላለም። በ1935 ትግራይ ውስጥ የቀዳማይ ወያኔ አመፅ ተነሳ፤ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች መቀሌን ደብድበው ነው የታፈነው። በ1952 ጌዴኦ፣ ከ1955 ጀምሮ ባሌ፣ በ1960 ጎጃም አመፁ። የጎጃሙ አመፅ ምክንያት አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ነበር። ገበሬው ግብሩን የፈራው "መሬቴን ለክተው ሊወስዱብኝ ነው" ብሎ ነው። እነዚህ አመፆች በየአካባቢያቸው ተነጥለው ቀሩ። አንዱ ከሌላው ጋር የሚገናኝበት መንገድ አልነበረውም።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ አርሲ ላይ አዲስ ነገር መጣ። በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ሰዉ "ካዱ" የሚለው፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ አቀረበ። ምርት ጨመረ። ባለመሬቶቹ ግን ትራክተር አስገቡና ጭሰኞቻቸውን አባረሩ። ልማት መጣ ተብሎ ሰው ከቀዬው ተነቀለ። ፓርላማው የጭሰኛና የባለመሬት ረቂቅ ሕግ በተደጋጋሚ ቀርቦለት አንድም ጊዜ አላጸደቀም። መቼስ ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ራሳቸው ባለመሬቶች ናቸው።

ስድስት ኪሎ

ንጉሠ ነገሥቱ ስድስት ኪሎ ያለውን የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ የሰጡት ከታኅሣሥ 1953 መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ነው። ከሙከራው መሪዎች አንዱ ገርማሜ ንዋይ በወላይታ አውራጃ ገዥነቱ ጠፍ መሬት ለድሃ በማከፋፈሉ ባለመሬቶች ከስሰውት ወደ ጅጅጋ የተዛወረ ሰው ነበር። ሙከራው ከሸፈ። የመሬቱ ጥያቄ ግን እዚያው ግቢ ውስጥ ቀረ።

በየካቲት 1957 ተማሪዎቹ "መሬት ላራሹ" ብለው ወደ ፓርላማ ወጡ። ሌላው ሁሉ አፉን ዘግቶ በነበረበት ጊዜ ይህን ቃል አደባባይ ያወጡት የስድስት ኪሎ ልጆች ናቸው፤ ይህ ሊካድ አይገባም። በዓመቱ ሾላ በነበረው የለማኞች መጠለያ ጉዳይ ተነሱ። ታኅሣሥ 1962 የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ። በማግሥቱ በግቢው ውስጥ ሌሎች ተማሪዎችም ተገደሉ።

በ1965 ወሎና ትግራይ ተራቡ። የሞተው ሰው ግምት ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይራራቃል። መንግሥት ነገሩን ሸፋፈነው። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ፎቶ ይዘው ተመለሱ፤ ግቢው ውስጥ ታየ። ጥቅምት 1966 የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ረሃቡን ለዓለም አሳየ።

ከጥር እስከ መስከረም

ጥር 4 ቀን 1966 ነገሌ ቦረና ያለው ጦር አመፀ። ምክንያቱ ውሃ ነው። የወታደሮቹ የውሃ ፓምፕ ተበላሸ፣ መኮንኖቹ ከራሳቸው አናካፍልም አሉ። ሊያረጋጉ የተላኩት ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለ ተያዙና ወታደሩ የሚበላውን ብሉ፣ የሚጠጣውን ጠጡ ተባሉ። የአብዮቱን ባሕርይ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ታሪክ የለም። ጭሰኛና ባለመሬት የሚለያዩበት መስመር በአንድ የጦር ሰፈር ውስጥም ተዘርግቶ ነበር። ልዩነቱ፣ ወታደሩ ጠመንጃና የሬዲዮ መገናኛ አለው። የነገሌ ወሬ ደብረ ዘይት፣ ከዚያም አሥመራ ደረሰ።

የካቲት 11 መምህራንና የታክሲ ሾፌሮች አድማ መቱ። ሾፌሮቹ የተቆጡት በቤንዚን ዋጋ ነው፤ የዓለም ነዳጅ ገበያ ያመጣው ጣጣ ነው። መምህራኑ ግን "ሴክተር ሪቪው" የተባለውን የትምህርት ዕቅድ ተቃወሙ። የድሃ ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ እንዲቆም ያደርጋል ብለው ነበር። የራሳቸው ደመወዝም ጉዳይ ነበረበት፤ ግን ስለ ደሃው ልጅ መናገራቸው ያስመሰግናቸዋል። የካቲት 20 የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ። ልጅ እንዳልካቸው መኮንን ተተኩ። የካቲት 28 የሠራተኞች ማኅበር የአገሪቱን የመጀመሪያ አጠቃላይ አድማ ጠራ። ሚያዝያ 12 ሙስሊሞች የእኩልነት መብት ጠይቀው በአዲስ አበባ ግዙፍ ሰልፍ አደረጉ፤ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ወጡ። በኋላ ሦስት የእስልምና በዓላት ብሔራዊ በዓል ሆኑ።

ይህ ሁሉ ሰው ድርጅት አልነበረውም። ድርጅት የነበረው ጦሩ ብቻ ነው። ሰኔ 21 ከየክፍሉ የተመረጡ ወታደሮች ተሰብስበው ደርግን መሠረቱ። ቁጥራቸው 120 ነበር ይባላል፤ ያነሰ ነው የሚሉም አሉ። መኳንንቱንና ሚኒስትሮቹን አንድ በአንድ አሰሩ። በአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ ምሽት የዲምብልቢ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር ተቀናብሮ በቴሌቪዥን ታየ። በማግሥቱ ጠዋት ንጉሠ ነገሥቱ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በቮልስዋገን ተወሰዱ።

"ያለ ምንም ደም" የተባለው የአብዮቱ መፈክር ኅዳር 14 ቀን 1967 ስድሳ ሰዎች ሲረሸኑ አበቃ። አክሊሉም እንዳልካቸውም ከእነሱ መካከል ነበሩ። ንጉሡ በነሐሴ 1967 ሞቱ። ደርግ በሕመም ነው አለ፤ በኋላ ፍርድ ቤት የቀረበው ማስረጃ ግን መገደላቸውን ያመለክታል።

የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ አይፈቀድም። መሸጥ፣ ማከራየት፣ ማስያዝ ተከለከለ። አዋጁን ለማስረዳት ወደ ገጠር የወረዱት ተማሪዎች ራሳቸው ነበሩ። በደቡብ ጭሰኛው ጨፈረ። በጎንደርና በጎጃም ግን ባለ ርስቱ ገበሬ በጥርጣሬ ነበር ያየው፤ ደርግን ከሚዋጋው ከልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም ድርጅት ከኢዲዩ ጋር የተሰለፈም ነበር።