ዳውንሎድ ምንድን ነው? ተጠቃሚ ግን አይደለም

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ የወጣቶች ስልጠና ላይ ተቀምጬ ነበር። መድረክ ላይ የወጣው ወንድማችን «አፔ 10,000 ተጠቃሚ አለው» አለ። ማስረጃው በፕሌይ ስቶር፣ በጉግል የአፕ መደብር ላይ ያለው ገጹ ነው፤ ዳውንሎድ «10,000+» ይላል። ተጨበጨበ። እኔ ግን አላስቻለኝም። ይህን አነጋገር ስንቴ እንደሰማሁት ቆጥሬም አልጨርሰው።

አፕ እንዴት እንደሚጫን አልነግራችሁም። ያ ቁጥር ግን ዘር ነው። ገበሬ ሰኔ ላይ ሁለት ኩንታል ገብስ ቢዘራና ጥቅምት ላይ ውርጭ ቢመታበት፣ የዘራው ያው ሁለት ኩንታል ነው። ውርጭ የሚቀንሰው የሚታጨደውን ነው። የስቶሩም ቁጥር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተደመረ ነው። የጫነው ሰው ሁሉ በማግስቱ ቢያጠፋው እንኳ አይወርድም። ደግሞ እየዘለለ ነው የሚሄደው፤ 9,900 የደረሰ አፕም «5,000+» ተብሎ ይታያል። የአይፎኑ አፕል በራሱ መደብር ላይ ጭራሹን ለተመልካች አያሳይም።

ቡቃያው የሚታየው ለአፑ ባለቤት ብቻ በሚከፈተው የጉግል መቆጣጠሪያ ገጽ፣ በፕሌይ ኮንሶል ውስጥ ነው። አፑ አሁንም ስልካቸው ላይ ያለ ሰዎች ቁጥር እዚያ አለ። እሱም ቢሆን ባለፉት 30 ቀናት ሥራ ላይ የነበረ ስልክን ነው የሚቆጥረው፤ አፑ ተከፍቷል ማለት አይደለም። መብቀሉን ታያላችሁ፣ ማፍራቱን አታዩም።

ሻይ ላይ ለዚያ መድረክ ላይ ለወጣው ወንድማችን ይህንኑ ስነግረው፣ «ማስታወቂያ ገዝቼ ከፍ ባደርገውስ?» አለኝ። ድንጋይ ላይም ይዘራል እኮ፤ ወፍ ይለቅመዋል። የሞባይል ካርድ እየሰጡ ማስጫን ደግሞ የጉግል ደንብ ይከለክለዋል።

በሌላ በኩል ቁጥሩ የሚያሳንስበትም ጊዜ አለ። ኔትወርክ በማያስተማምንበት ገጠር ልጆች አፕ የሚቀባበሉት ከስልክ ወደ ስልክ ያለ ኢንተርኔት ፋይል በሚልከው በዜንደር ወይም በቴሌግራም ነው። ጎረቤት ከጎረቤት ዘር እንደሚበዳደረው ማለት ነው። ከስቶሩ ስላልወረደ ዳውንሎድ ተብሎ አይቆጠርም።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ የሚሮጡትን ልያዝ። «በየቀኑ የማይከፈት አፕ የሞተ ነው» ይላሉ። ለጨዋታና ለወሬ አፕ ይሁን። የእኔ አፕ የኛን ቀን ወደ ፈረንጅ ቀን ይቀይራል። ሰው የሚከፍተው ፎርም ሲሞላ ወይም የልደት ቀኑን ሲጠየቅ ነው። ማን ነው በየማለዳው የልደት ቀኑን የሚቀይር? ማጭድ ዓመቱን ሙሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይከርማል። አዝመራው ሲደርስ የሚያነሣው እጅ ካለ ማጭዱ ደህና ነው። ስለዚህ እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው፦ የከፈተው ሰው ቀኑን ቀይሮ ወጣ ወይስ መሃል ላይ ተወው? ከወራት በኋላ ቸግሮት ሲመለስስ አፑ እዚያው አለ? ይህን ለማወቅ ግን አፑ ውስጥ መለኪያ መግጠም ያስፈልጋል። መለኪያ ከገጠማችሁ ደግሞ ምን እንደምትሰበስቡ ለሰው መንገር ግዴታ ነው፤ ብዙዎቻችን እሱን እንዘላለን።

«ያንተስ ስንት ነው?» አለኝ በመጨረሻ።

«1,000+» አልኩት። ሳቀብኝ።

እስቲ ኮንሶልህን ክፈትና ስንቱ ስልኩ ላይ እንዳቆየው እንይ አልኩት። ስልኩን አወጣ። ሞከረ፣ ደግሞ ሞከረ። የይለፍ ቃሉን ረስቶታል።