የአዲስ አበባ አየር እንዴት ይጠበቃል?

በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ከእንጦጦ ቁልቁል ከተማዋን ስታዩ ጭጋግ የመሰለ ነገር ተኝቶባት ታገኙታላችሁ። አብዛኛው ጭስ ነው። በብርዱ ሌሊት መሬት አጠገብ ያለው አየር ይቀዘቅዛል፤ ከበላዩ ያለው ሞቅ ያለ አየር እንደ ክዳን ይደፋበታል። የማገዶውና የናፍጣው ጭስ መውጫ ያጣል። ክዳኑ የሚነሳው ረፋድ ላይ፣ ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ነው።

የአየር ጥራት አስተዳደር ጭሱን መለካት፣ ምንጩን መለየት፣ መቀነስ፣ ከዚያም መልሶ መለካት ነው። ከሁሉም የሚፈራው ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጠው ብናኝ ነው። ከአንዲት ፀጉር ውፍረት 30 ጊዜ ያህል ያንሳል፤ ሳንባን አልፎ ደም ውስጥ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ የዓመቱ አማካይ በሜትር ኩብ ከ5 ማይክሮግራም እንዳያልፍ ይመክራል። አዲስ አበባ ከዚህ በብዙ እጥፍ ትበልጣለች። ይህን ያወቅነው በመለኪያ ነው። የአሜሪካ ኤምባሲ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ልኬቱን በየሰዓቱ ያሳይ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ይፋ ማድረጉ ቆመ። ትልቅ ጉዳት ነው።

ስለ አየር ሲወራ ሁሉም መኪና ላይ ይጠቁማል። እኔ ግን መጀመሪያ ማድቤት እገባለሁ። ሦስት ጉልቻ፣ ምጣድ፣ እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል። ጣሪያው በጥቀርሻ ጠቁሯል። እናት እንጀራ ስትጋግር ዓይኗ ያነባል፤ ጀርባዋ ላይ የታዘለው ሕፃንም ያንኑ ጭስ ይስባል። «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ እሳቱን ዙሪያውን ስለሚከልል ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ ጭሱን ከቤት ጨርሶ ያስወጣዋል፣ መብራት ካልጠፋ።

በመኪናው በኩል ሕግ አለ፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። በ2011 ዓ.ም. መንገዶችን ለጥቂት ሰዓታት ለመኪና ዘግቶ ለእግረኛ የሚለቀው «መንገድ ለሰው» ተጀመረ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። መንገድ ላይ ያሉት አሮጌ ሚኒባሶች ግን አሁንም ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ይተፋሉ። ቦሎ ሲታደስ ጭሳቸው የምር መፈተሽ አለበት።

ኅዳር 12 ደግሞ አለ። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሕዝቡን ሲፈጅ ሰው አየሩን ለማንጻት ደጁን አጠነ። ልማዱ ቀጠለ፤ በየሰፈሩ ቆሻሻ ተሰብስቦ ይቃጠላል። የዛሬው ክምር ግን ፌስታልና የውኃ ፕላስቲክ የበዛበት ነው። ጭሱም ያው ክዳኑ ሥር ያድራል።