ቸርነትና የልጆች በረከት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ድሬዳዋ ላይ እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሳንቲም ጣል ያደረገ ሰው ምርቃት ሳይሰማ አያልፍም። «ልጆችህን ያሳድግልህ! ዘርህ ይባረክ!» ምርቃቱ ሥር አለው። መዝሙር 37 ላይ «ጎለመስሁ አረጀሁም፤ ጻድቅ ሲጣል፥ ዘሩም እህል ሲለምን አላየሁም። ሁልጊዜ ይራራል፥ ያበድራልም፥ ዘሩም በበረከት ይኖራል» ተብሏል። ደግ ቃል ነው። ግን ስንት ነገር ጭነንበታል!

«ከሰጠሁ ልጆቼ አይቸገሩም»

ይሄ ምጽዋትን ኢንሹራንስ ማድረግ ነው። ዳዊት ራሱ ከሳኦል ሲሸሽ ኖብ ገብቶ ካህኑን አምስት እንጀራ ለምኗል። መዝሙሩ አንድ ሽማግሌ በዕድሜው ያየውን የሚመሰክርበት ነው፤ ተፈርሞ የተሰጠ ዋስትና አይደለም።

ከዚህ ይልቅ በኦርቶዶክስ መጽሐፍ ቅዱስ ያለውን የጦቢትን ታሪክ እዩት። ጦቢት በስደት አገር የተራበ ያበላል፣ የታረዘ ያለብሳል፣ ሜዳ ላይ የተጣለ ሬሳ ይቀብራል። አንድ ማታ ከቀብር ተመልሶ ግቢው ውስጥ ግድግዳ ሥር ተኛ። የወፍ ኩስ ዓይኑ ላይ ወደቀና ታወረ። ሚስቱ ሰው ቤት እየሠራች ታበላው ጀመር። አንድ ቀን ስትናደድ «ምጽዋትህ የታለ?» አለችው። የብዙዎቻችን ጥያቄ ነው፤ እሷ ግን አፍ አውጥታ ጠየቀችው።

ጦቢት ሞቱን ሲያስብ ልጁን ጦብያን ጠራው። የጠራበት ምክንያት ሌላ ሰው ዘንድ ስላስቀመጠው አሥር መክሊት ብር ሊነግረው ነበር። ነገር ግን መጀመሪያ ምክር ሰጠው፤ ከድሃ ፊትህን አትመልስ፣ ጥቂት ካለህም ከጥቂቱ ስጥ አለው። ብሩን ያነሣው መጨረሻ ላይ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ልጁ የወረሰው ትልቁ ነገር ያ ቅደም ተከተል ነው። የጦቢት ዓይን በኋላ መዳኑ እውነት ነው፤ ምክሩን የሰጠው ግን ገና ሳያይ ነበር።

«ስለት ካስገባሁ ለቤተሰቤ በቂ ነው»

ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የቁልቢን መንገድ ያየ ያውቀዋል። ጥላ የያዘ፣ ጧፍ የያዘ፣ ልጅ ያዘለ፣ ከድሬም ከሐረርም በእግሩ የሚሄድ አለ። ስለት ክፉ ነው አልወጣኝም። ዘዳግም 23 ግን የተሳልከውን ሳትዘገይ ክፈል ይላል፤ ባትሳል ኃጢአት እንደማይሆንብህም ይጨምራል። ስለት እንግዲህ የገባኸው ዕዳ ነው። መዝሙሩ የሚያወራው ደግሞ «ይህን ካደረግህልኝ» ሳይል ስለሚራራ ሰው ነው። ስለቱን ተሸክሞ መንገድ ዳር ያለውን የኔ ቢጤ እየገላመጠ የሚያልፍ ሰው ሁለቱን አምታቷል።

«መስጠት የሀብታም ነው»

የሰራፕታዋ መበለት የቀራት አንድ እፍኝ ዱቄትና ትንሽ ዘይት ነበር። ከዚያ ላይ ለኤልያስ ጋገረችለት፤ ቤተሰቧም ብዙ ቀን ከዚያው በላ። እስራኤላዊትም አልነበረችም።

«ዋናው ብሩ ነው፣ አሰጣጡ ምን ያደርጋል?»

ያደርጋል እንጂ! ዘሌዋውያን 19 ባለ እርሻው የማሳውን ዳር እንዳያጭድ፣ የወደቀውንም እንዳይለቅም ያዝዛል። ለድሃና ለመጻተኛ ይቀራል። ባለ እርሻው ቦዔዝ ሕጉ ካዘዘው በላይ አደረገ። ሞዓባዊቷን ሩትን ምሳ ላይ ጠርቶ ቆሎ ሰጣት፤ ጠግባ አተረፈች፤ ትርፉንም ለአማቷ ለኑኃሚን ወሰደች። ሩት ልትቃርም ስትነሣ ደግሞ ጎልማሶቹን፣ ከነዶው ጥቂት እየመዘዛችሁ ጣሉላት፣ አትቆጧትም አላቸው። ሩት የቃረመችው በእጇ ስለሆነ ለማኝ አልሆነችም። እኛ አገር ኪሎ ዘይት ሰጥቶ ፎቶ የሚያነሣ ሰው እዚህ ጋ ቆም ቢል ጥሩ ነው።

የቤተሰቡ ነገር የሚመጣው ከዚህ ነው። በማቴዎስ የትውልድ ሐረግ የቦዔዝ እናት ራኬብ ናት። ኢያሪኮ ላይ የእስራኤልን ሰላዮች ደብቃ ያተረፈችው ያቺው ባዕድ ሴት ራኬብ ናት ይባላል፤ እሷም ለአባቷ ቤት ምሕረት ለምና አተረፈቻቸው። ቦዔዝ ለባዕድ ሴት መራራትን ከየት እንደተማረ መጽሐፉ አይነግረንም፤ መገመት ግን አያቅትም። ከሩትና ከቦዔዝ ኢዮቤድ፣ ከኢዮቤድ እሴይ፣ ከእሴይ ዳዊት ተወለደ።

«አባቴ ደግ ስለነበር እኔን ይበቃኛል»

አይበቃም። ሕዝቅኤል 18 እንጀራውን ለተራበ የሚሰጥ አባት ቀማኛ ልጅ ሲወልድ ያሳየናል። ያ ልጅ በአባቱ ጽድቅ አይድንም። የክፉ ሰው ልጅም ደግ ከሆነ የአባቱ ኃጢአት አይያዝበትም። «ከዚያ ቤት ምን ይጠበቃል?» እያልን ሰፈር ውስጥ ስንቱን ልጅ ጥለናል።

«ለቤተ ክርስቲያን ከሰጠሁ ዘመድ ይቆይ»

ማርቆስ 7 ላይ ኢየሱስ የተቆጣው እዚህ ላይ ነው። አባትና እናቱን መርዳት ያለበት ሰው «ቁርባን ነው፣ ለእግዚአብሔር ሰጥቻለሁ» ብሎ ያመልጥ ነበር። ኢሳይያስ 58ም የራበውን አብላ፣ የታረዘውን አልብስ ካለ በኋላ ከሥጋ ዘመድህ አትሸሽግ ይላል። ድሬ ላይ ሆኖ ለደብሩ ጣሪያ ቆርቆሮ የገዛ ሰው ገጠር ያለች እናቱ ስልክ ስትደውል ካላነሣ፣ ኢሳይያስ ስለ እሱም ተናግሯል።