በኤችአይቪ የሚመጣ የማስታወስ ችግርና የአንጎል ጠቋሚዎች

ኤችአይቪ ወደ ሰውነት በገባ በጥቂት ሳምንታት፣ በአንዳንዶች ደግሞ በቀናት ውስጥ አንጎል ይደርሳል። ተሸክመውት የሚገቡት በቫይረሱ የተያዙ ነጭ የደም ሴሎች ሲሆኑ፣ እዚያ የሚይዘው የነርቭ ሴሎችን ሳይሆን በተለይ ማይክሮግሊያ የተባሉትን የአንጎል መከላከያ ሴሎች ነው፤ የነርቭ ሴሎች የሚጎዱት በዋናነት እነዚህ በሚያስነሡት የማያባራ ብግነት (የሰውነት መከላከያ ምላሽ በሚፈጥረው መቆጣት) ነው። ስለዚህም የሚከተለው የማስታወስ ችግር ከአልዛይመር በሽታ ይለያል፤ ይበልጥ የሚዳከሙት የማሰብ ፍጥነትና ትኩረት ናቸው፣ የተረሳውም ነገር ፍንጭ ሲሰጥ ብዙ ጊዜ ይታወሳል።

እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ የሆነውና በኢትዮጵያም በጥናቶች ላይ የዋለው ዓለም አቀፉ የኤችአይቪ ዲሜንሺያ (የዕለት ኑሮን የሚያውክ ከባድ የማስታወስና የማሰብ ችግር) መለኪያ ይህንኑ ጠባይ ይፈትሻል። ታካሚው አራት ቃላት ይነገሩትና ባልለመደው እጁ ሁለት ጣቶቹን በፍጥነት ያነካካል፤ ቀጥሎ እጁን ጨብጦ፣ ዘርግቶና በጎኑ አቁሞ ቅደም ተከተሉን ይደጋግማል፤ በመጨረሻ ቃላቱን ይጠየቃል። ሳይረዱት ላስታወሰው ቃል 1 ነጥብ፣ በፍንጭ ላስታወሰው ግማሽ ያገኛል። ከ12 ነጥብ 10ና ከዚያ በታች ያመጣ ሰው ተጨማሪ ምርመራ ይደረግለታል እንጂ ታሟል አይባልም።

ይህ ጥንቃቄ ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው የአሜሪካው ቻርተር ጥናት ከመረመራቸው 1,555 ሰዎች ግማሽ ያህሉ ችግር እንዳለባቸው ቢመዘግብም፣ ብዙዎቹ በኑሯቸው ምንም ያልተሰማቸው ነበሩ፤ ዲሜንሺያ የተገኘባቸው 2 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ትምህርት ያላገኘ ወይም በድብርት የሚሠቃይ ሰውም በፈተና ዝቅ ሊል ይችላል።

ጠቋሚዎች፣ ማለትም በደም ወይም በሰውነት ፈሳሽ ውስጥ ተለክተው የአንጎልን ጉዳት የሚያሳዩ ንጥረ ነገሮች፣ የሚፈለጉት እውነተኛውን ጉዳት ከእንዲህ ያለው ዝቅተኛ ውጤት ለመለየት ነው። ኒውሮፊላመንት ላይት የተባለው ፕሮቲን የነርቭ ሴል ሲጎዳ አንጎልንም ወደሚከብበው የኅብለ ሰረሰር ፈሳሽና ወደ ደም ይለቀቃል፤ ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ሲጀመርም መጠኑ ይቀንሳል። ብግነትን የሚያሳየው ኒዮፕተሪን ግን በደም ውስጥ ቫይረሱ ከመለኪያ በታች ከወረደ በኋላም በብዙዎች ዘንድ ጥቂት ከፍ እንዳለ ይቆያል። ትልቁ ጥያቄ በዕድሜ የገፉትን ይመለከታል፤ ችግሩ የመጣው ከኤችአይቪ ነው ወይስ ከአልዛይመር? ቤታ አሚሎይድ የተባለው ፕሮቲን በሁለቱም በሽታዎች በኅብለ ሰረሰር ፈሳሽ ውስጥ ሊያንስ ስለሚችል፣ ሐኪሙ በአልዛይመር ከፍ የሚለውን ፎስፎ ታው የተባለ ሌላ ፕሮቲን አብሮ ማየት አለበት። ኢትዮጵያ ውስጥ መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ከጀመረበት ከ2005 እ.ኤ.አ. አንሥቶ የሚወስዱት ዛሬ እየሸመገሉ በመሆናቸው ጉዳዩ እዚህም ሩቅ አይደለም።

አልፎ አልፎም ቫይረሱ በደም ሳይታይ በኅብለ ሰረሰር ፈሳሽ ውስጥ ይራባል፤ ይህ ሲገኝ አብዛኛውን ጊዜ የመድኃኒቱ ዓይነት ይለወጣል።