የጃፓን የምረቃ ዘፈኖች፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

በጃፓን የትምህርት ዘመን የሚጀምረው ኤፕሪል ላይ ነው። የሚያልቀው ማርች ላይ ነው፤ በእኛ ከየካቲት ማገባደጃ እስከ መጋቢት መሆኑ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመትም ከ1886 ጀምሮ ኤፕሪል ላይ ይጀምራል። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስለዚህ አዲስ ተማሪውም አዲስ ተቀጣሪውም አንድ ሰሞን ነው ሥራውን የሚጀምረው። ሳኩራ የሚሉት የቼሪ አበባም በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል የሚፈነዳው በዚሁ መሀል ነው። ስንብት፣ አበባና አዲስ ጅማሬ ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይገጣጠማሉ። የምረቃ ዘፈን በጃፓን ራሱን የቻለ ዘርፍ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የትምህርት ቤት ምረቃው እኛ ከለመድነው ይለያል። ጋዋንና ቆብ የለም፤ ተማሪው የዘወትር ዩኒፎርሙን ለብሶ ይመጣል። ቦታው ብዙውን ጊዜ የትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ነው። ስም እየተጠራ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ከታች ክፍል ተማሪዎች አንዱ የመሸኛ ንግግር ያደርጋል፣ ከተመራቂዎቹ አንዱ መልስ ይሰጣል። ከዚያ ተመራቂዎቹ ቆመው በኅብረት ይዘምራሉ። ሰው የሚያለቅሰው እዚህ ላይ ነው። ዘማሪዎቹ ተመርጠው የወጡ አይደሉም። ድምፁ ያማረውም ያላማረውም ለሳምንታት አብሮ ተለማምዷል። ፒያኖውንም ብዙ ጊዜ የሚጫወተው ከእነሱው አንዱ ነው።

ከሥነ ሥርዓቱ በኋላ ግቢው ውስጥ አንድ የቆየ ልማድ አለ። ልጁ ከጥቁር ዩኒፎርም ኮቱ ላይ ሁለተኛውን ቁልፍ ፈትቶ ለሚወዳት ልጅ ይሰጣል። ወይም እሷ ቀድማ ትጠይቀዋለች። ለልብ የሚቀርበው ቁልፍ እሱ ነው ይባላል። የዩኒፎርም ቁልፍ በ1980ዎቹ ዘፈኖች ውስጥ ገብቶ እናገኘዋለን።

መነሻው ጃፓን ራሷን ማዘመን የጀመረችበት የሜይጂ ዘመን (1868–1912) ነው። መንግሥት ሙዚቃን በትምህርት ቤት ለማስተማር በ1879 አንድ የጥናት ቢሮ አቋቋመ። ኃላፊው ኢሳዋ ሹጂ ነበር። አሜሪካዊው የሙዚቃ መምህር ሉተር ዋይቲንግ ሜሰንም ከቦስተን ተጋብዞ መጣ። ቢሮው ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ባዘጋጃቸው የመዝሙር መጻሕፍት ውስጥ ሁለት መዝሙሮች ለምረቃ ተለይተው ቀሩ።

የመጀመሪያው “ሆታሩ ኖ ሂካሪ” ነው፤ የአብሪ ትል ብርሃን እንደ ማለት። ዜማው የስኮትላንዶቹ “ኦልድ ላንግ ሳይን” ነው። ግጥሙ ግን ከጥንታዊ የቻይና ታሪክ ይነሳል። የመብራት ዘይት መግዣ ያጣ ድሃ ተማሪ በአብሪ ትሎች ብርሃን ያነብ ነበር፤ ሌላው ደግሞ በበረዶ ነጸብራቅ። ዜማው በአምስት ድምፅ ብቻ የሚሄድ ስለሆነ ለእኛ ጆሮ ባዳ አይደለም። የሜጀር ትዝታ ቅኝት አምስቱ ድምፆችም እነዚያው ናቸው። ዛሬ ይህ ዜማ ከምረቃም አልፏል። የዘመን መለወጫ ዋዜማ ላይ የሚተላለፈው ትልቁ የኤንኤችኬ (የአገሪቱ የሕዝብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጣቢያ) የሙዚቃ ዝግጅት የሚዘጋው በእሱ ነው። ሱቆችም በመዝጊያ ሰዓት በቫልስ ምት የተቀናበረውን ዓይነት ያሰማሉ፤ ደንበኛው ሲሰማው ዕቃውን ይዞ ወደ ካሸሩ ይሄዳል።

ሁለተኛው በ1884 የታተመው “አኦጌባ ቶቶሺ” ነው፤ ለመምህራን የቀረበ ምስጋና። የዜማው ምንጭ ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ኖሯል። አንዳንዱ የኢሳዋ ነው ይል ነበር፣ ሌላው የስኮትላንድ ነው ይላል። በ2011 የሂቶትሱባሺ ዩኒቨርሲቲው ሳኩራይ ማሳቶ በ1871 አሜሪካ ውስጥ በታተመ የመዝሙር ስብስብ ውስጥ አገኙት። እዚያም የትምህርት መዝጊያ መዝሙር ነበር። ክርክሩ በዚህ ተዘግቷል ማለት ይቻላል። መዝሙሩ ግን ቀስ በቀስ ከትምህርት ቤት እየወጣ ነው። ቋንቋው ለዛሬ ልጅ ይከብዳል፤ “ታላቅ ሁን፣ ስምህን አስጠራ” የሚለው ስንኝም ከዴሞክራሲ ጋር አይሄድም ተብሎ በብዙ ቦታ ይዘለላል።

በዚሁ መድረክ ላይ የሚዘመረው ብሔራዊ መዝሙር “ኪሚጋዮ” ሌላ ጉዳይ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ጋር ስለሚያያዝ ቆመን አንዘምርም ያሉ መምህራን ነበሩ። በ1999 ሕጋዊ ብሔራዊ መዝሙር ሆኖ ከጸደቀ በኋላ፣ በተለይ ቶኪዮ ውስጥ፣ በዚህ የተነሳ የተቀጡ አሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2011 የመቆም ትእዛዙ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ብሏል። ሁሉም ወገን ግን በዚህ ረክቷል ማለት አይቻልም።

ከጦርነቱ በኋላ ባሉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት ለኅብረት ዝማሬ የተጻፉ አዳዲስ የትምህርት ቤት መዝሙሮች እየተጨመሩ ሄዱ።

ፖፕ የገባው በ1970ዎቹ ነው። በ1975 አራይ ዩሚ፣ በኋላ ማትሱቶያ ዩሚ የተባለችው፣ የምረቃ ፎቶ እያየች የድሮ ሰው ስለምታስታውስ ሴት “ሶትሱግዮ ሻሺን”ን ጻፈች። በ1979 ካይኤንታይ የተባለው ቡድን “ኦኩሩ ኮቶባ”ን አወጣ። ዘፈኑ የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ መምህር ታሪክ ለሚያሳየው “ኪምፓቺ ሰንሴ” የተባለ ድራማ ማጀቢያ ነበር። የቡድኑ ድምፃዊ ታኬዳ ቴትሱያ ራሱ መምህሩን ሆኖ ይተውናል። ግጥሙ መጀመሪያ የተነሳው ከፍቅር ስብራት ነው። ድራማው ግን ወደ ምረቃ ወሰደው፤ ዛሬ ስለ ፍቅር ነው ብሎ የሚሰማው ብዙ ሰው የለም። በ1985 ደግሞ “ሶትሱግዮ”፣ ማለትም “ምረቃ”፣ የሚል አንድ ዓይነት ርዕስ ያላቸው አራት ዘፈኖች በተከታታይ ወጡ። የሳይቶ ዩኪ ለስላሳ ነው። የኦዛኪ ዩታካ ግን ከትምህርት ቤት ጋር የተጣላ፣ መስኮት የሚሰብር ወጣት ድምፅ ነው። ጥሩ ዘፈን ነው፤ አዳራሽ ውስጥ ግን አይዘመርም።

በትምህርት ቤቶች ውስጥ ሁሉንም የለወጠው በ1991 የመጣው “ታቢዳቺ ኖ ሂ ኒ” ነው፤ “በመነሻው ቀን” እንደ ማለት። የተወለደው ከስቱዲዮ አይደለም። ከቶኪዮ ሰሜን ምዕራብ፣ ሳይታማ ውስጥ፣ ቺቺቡ የምትባል በተራራ የተከበበች ከተማ አለች። እዚያ የካጌሞሪ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ኮጂማ ኖቦሩ ነበሩ። ትምህርት ቤቱ ሥነ ምግባር የጎደለውና የሚረብሽ ሲሆን፣ እሳቸው መፍትሔው ዝማሬ ነው ብለው ተነሱ። ከሙዚቃ መምህርቷ ሳካሞቶ ሂሮሚ ጋር ሆነው ተማሪዎቹን ማዘመር ጀመሩ። መጀመሪያ ልጆቹ አፋቸውን ለመክፈት እንኳ አልፈለጉም። ቀስ በቀስ ግን የሚዘምር ትምህርት ቤት ሆነ።

ከዚያ ሳካሞቶ ለተመራቂዎቹ በዓለም ላይ አንድ ብቻ የሆነ ስጦታ መስጠት አማራት። ርዕሰ መምህሩን ግጥም እንዲጽፉ ጠየቀች። እሳቸው እንዲህ ያለ ተሰጥኦ የለኝም አሉ። በማግስቱ ጠዋት ግን ግጥሙን ጠረጴዛዋ ላይ አገኘችው። ባዶ የሙዚቃ ክፍል ገብታ ዜማውን በሩብ ሰዓት ገደማ ጨረሰችው ይባላል። በመሸኛው ዝግጅት ላይ የዘመሩት መምህራኑ ናቸው፤ ለተማሪዎቻቸው። አንድ ጊዜ ተዘምሮ እንዲያበቃ ነበር የታሰበው። ኮጂማ በዚያው ዓመት ጡረታ ወጡ።

በቀጣዩ ዓመት ግን ተማሪዎቹ ራሳቸው ዘመሩት። ማትሱይ ታካኦ ለኅብረት ድምፅ አቀናበረው። ለሙዚቃ መምህራን በሚታተም መጽሔት ወጣ፤ ከመምህር ወደ መምህር ተላለፈ። ማስታወቂያ ሳይኖረው በ1990ዎቹ መጨረሻ አገሩን አዳረሰ። ስማፕ የተባለው ዝነኛ ቡድን በ2007 ለቴሌቪዥን ማስታወቂያ ሲዘፍነው ተማሪው ሁሉ በቃሉ ያውቀው ነበር። ዛሬ ቺቺቡ በሚገኘው ሚዩዝ ፓርክ ለእሱ የተሰየመ መመልከቻ ኮረብታ አለ። አንድ የገጠር ርዕሰ መምህርና አንዲት የሙዚቃ መምህርት “ሆታሩ ኖ ሂካሪ”ን ከዙፋኑ አወረዱት። ከየትኛውም የሽያጭ ሰንጠረዥ በላይ የሚያኮራ ታሪክ ነው።

2000ዎቹ የሳኩራ ዘፈን ዘመን ናቸው። ሞሪያማ ናኦታሮ በ2003 ያወጣው “ሳኩራ” ሰንጠረዡ ላይ ከታች ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 1ኛ ወጣ። ኮቡኩሮ በ2005፣ ኢኪሞኖጋካሪ በ2006 የራሳቸውን ሳኩራ አመጡ። ከያማናሺ የመጣው ሬሚዮሮመን ባንድ “ማርች 9” የሚለውን ዘፈን ያወጣው በ2004፣ በዚያችው ቀን ነው። የተጻፈው ለጓደኛ ሠርግ ነበር። በቀጣዩ ዓመት አንድ ድራማ ውስጥ ተማሪዎች ሲዘምሩት ታየ፤ ከዚያ ወዲህ የምረቃ ሆነ።

ፖፕ ወደ ትምህርት ቤት ዝማሬ የገባበት ትልቁ በር ግን የኤንኤችኬ የትምህርት ቤቶች የዝማሬ ውድድር ነው። ከ1932 ጀምሮ ይካሄዳል። በየዓመቱ ለየእርከኑ አንድ የግዴታ መዝሙር ይሰጣል፤ ያን መዝሙር በመላ አገሪቱ ያሉ ኳየሮች ለወራት ያጠኑታል። በ2008 የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃውን መዝሙር የመጻፉ ተራ ለዘፋኟ አንጄላ አኪ ደረሰ። እሷ በአሥራዎቹ ዕድሜዋ ለወደፊት ራሷ ደብዳቤ ጽፋ ነበር። አንጄላ 30 ዓመት ሲሞላት እናቷ ደብዳቤውን ላከችላት። “ቴጋሚ”፣ ማለትም “ደብዳቤ”፣ የተሰኘው ዘፈን ከዚያ መጣ። በመጀመሪያው ክፍል የ15 ዓመት ልጅ ጭንቀቱን ይጽፋል፤ በሁለተኛው ትልቁ ሰው ይመልስለታል። የሚመልሰውም ዛሬም እጨነቃለሁ እያለ ነው። ልጆቹ የወደዱት ለዚህ ይመስለኛል፤ አይዋሻቸውም። በ2009 የኢኪሞኖጋካሪ “ዬል”፣ በ2011 የፍላምፑል “አካሺ”፣ በ2012 የዩዪ “ፋይት” በዚሁ በር ገቡ።

ማርች 11 ቀን 2011 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ ሰሞኑ የምረቃ ነበር። ፉኩሺማ ውስጥ፣ ሚናሚሶማ ከተማ፣ ኦዳካ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አደጋ ከደረሰበት የኑክሌር ጣቢያ 20 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ስለነበር ግቢውን ለቀቀ። በሱናሚው የሞቱ ተማሪዎች ነበሩ። የቀሩት በመላ አገሪቱ ተበተኑ። በተውሶ ግቢ የቀጠሉት ጥቂቶች ካርታ ላይ የጓደኞቻቸውን ፎቶ እየለጠፉ የሚናገሩትን የሙዚቃ መምህርታቸው ኦዳ ሚኪ እየመዘገበች አቆየች። ከዚያ ቃል “ጉንጆ” የተሰኘው መዝሙር ተሠራ፤ በ2013 ምረቃቸው ላይ ዘመሩት። ኖቡናጋ ታካቶሚ ካቀናበረው በኋላ ሌሎች ትምህርት ቤቶችም ወሰዱት። የተበተነ ክፍል ራሱ ስለ ራሱ የጻፈው በመሆኑ ከማንም ባለሙያ ሥራ አያንስም።

በ2020 ማርች መጀመሪያ በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ምረቃዎች አጠሩ፤ በብዙ ቦታ ዝማሬው ቀረ። ተከታዮቹ ዓመታትም ዝግ ባለ ድምፅ አለፉ። በ2023 የትምህርት ሚኒስቴሩ ተመራቂዎች ያለ ማስክ እንዲገኙ ፈቀደ። ዝማሬው ላይ ሲደርስ ግን ማስክ አድርጉ አለ። ያ ትውልድ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃን ጀምሮ እስኪጨርስ አፉን ከፍቶ አብሮ የዘመረበት ቀን ጥቂት ነው። የኅብረት ዝማሬ ከታላቅ ወደ ታናሽ በመስማት ስለሚተላለፍ፣ መምህራኑ ከዚያ በኋላ ብዙውን ከታች ጀምረው እንደገና ማስተማር ነበረባቸው።